የመፋቂያው ደም

ከከሚሴ ወደ ሰንበቴ በሚሄደው ሚኒባስ ከኋላዬ ሁለት የማይተዋወቁ ሴቶች ተቀምጠዋል። አንዷ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፣ ሌላዋ ወጣት።

«ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ የዚህን ውሃ ክዳን ክፈቺልኝ። ጣቶቼ አልታዘዝ ብለውኛል።»

«ይስጡኝ፣ እማማ። ቁርጥማት ነው?»

«ቁርጥማት ነው። እጄን ላሳይ ብሄድ ሐኪሙ አፍሽን ክፈቺ አይለኝም!»

«አፍዎን ለምን?»

«ድዴን ሊያይ። የድድ በሽታና ይሄ ቁርጥማት በዘር የተሳሰሩ ናቸው አለኝ። ሁሉንም ሰው ባይዝም ባንድ ቤተሰብ ሁለቱም ይታያሉ አለ።»

ጨፋ ሮቢትን ስናልፍ ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች።

«በፊት ድድዎን ያደማዎት ነበር?»

«ለሶላት ስሰናዳ ጥርሴን ስፍቅ መፋቂያዬን ደም ይነካው ነበር። እንጨቱ ነው የጠነከረብኝ ብዬ የወይራውን ጥዬ ለስለስ ያለ ያዝኩ።»

«ደሙስ ቆመ?»

«የት ይቆማል! ምነው ልጄ?»

«የእናቴ ጣቶች ልክ እንደርስዎ ናቸው። ጸጉሯን እንኳ የማበጥርላት እኔ ነኝ።»

«አላህ ያሽራት። አብሽሪ፣ አንቺ ደህና ነሽ።»

«እኔም በረመዳን መፋቂያዬን ቀይሬያለሁ።»

«ያ አላህ! ሐኪም ዘንድ ሂጂ፣ ወላሂ እንደኔ አትቆዪ።»

እኔ ከፊታቸው ድዴን በምላሴ እየዳሰስኩ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ እያጠፍኩ እየዘረጋሁ ሰንበቴ ደረስኩ።