አማች የተከሰሰበት ጎማ

ሽማግሌው ባለመኪና ያን ዕለት ጠዋት ወደ ጎሚስታው ደጃፍ የመጡት፣ ሾፌራቸው የሆነውን አማቻቸውን ሊያባርሩ ቆርጠው ነበር። ያረጀችው የጭነት መኪናቸው የፊት ጎማዎች ገና በቅርቡ ተገዝተው ከውስጥ በኩል ተላጭተው ሽቦ አውጥተዋል። የልጆች አባት የሆነው አማች አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ሌላ ሥራ የለውም።

በዚህ መሐል የእህታቸው ልጅ፣ በቴክኒክ ትምህርት ቤት የመኪና ሙያ የተማረችው፣ ወደ ሥራዋ ስታልፍ አየቻቸውና ጠጋ አለች።

«ደህና አደሩ አጎቴ? ማን አስቆጣዎት?»

«አማቼ ነዋ! ልጄን ሰጠሁት፣ መኪናዬን ሰጠሁት፤ እሱ ጎማዬን ይጨርስልኛል።»

«መሪው ይንቀጠቀጣል ብዬ ነግሬዎት ነበር» አለ አማች በቀስታ።

«ዝም በል! ዝም አይነቅዝም።»

ሽማግሌው የታወቀ ሕግ ነበራቸው፤ ጎማ ባንድ ወገን ሲያልቅ ከቸርኬው አስወልቆ ማገላበጥ፣ ተገላብጦም ሲያልቅ ሾፌሩን መቀየር። በዚህ ሕግ ስንት ደህና ሾፌር ተሸኝቶ ይሆን? መኪናዋን ግን የጠየቃት አልነበረም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና አጎቴ፣ ፍሬን እየደነገጠ የሚረግጥ ሾፌር ጎማውን ቦታ ቦታውን ነው የሚልጠው። ይኸ ግን ዙሪያውን እኩል አልቋል፣ ያውም የውስጥ ጠርዙ ብቻ።»

«ነፋሱ አንሶ ነዋ!»

«ነፋስ ቢያንስማ ሁለቱም ጠርዞች ያልቁ ነበር፤ ቢበዛ ደግሞ መሐሉ። እኔን አይመኑኝ። ከውስጥ ጠርዙ ወደ ውጭው ጠርዝ በመዳፍዎ ይዳብሱት።»

ዳበሱት። «ለስላሳ ነው።»

«አሁን ከውጭ ወደ ውስጥ ይመልሱ።»

እንደ መጋዝ ጥርስ ቧጠጣቸው። ደገሙት፤ ያው ነው። ሌላኛውን ጎማ ሳይነገራቸው ሄደው ዳበሱ፤ ያው ነው።

«ሁለቱም ከፊት በኩል ወደ ውጭ ዞረዋል፤ መኪናዋ ወደ ፊት ስትሄድ እነሱ ወደ ጎን እየተጎተቱ ይላጫሉ። ይኸ የመሪው ሕመም ነው እንጂ የሾፌሩ ጥፋት አይደለም።»

መኪናዋ በክሪክ ተነሳች። አማች ጎማውን ግራና ቀኝ ሲወዘውዘው፣ መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ዘንግ መጋጠሚያው ላይ ላልቶ ቋ ቋ አለ። ሽማግሌው አፈሩ፤ ዕፍረታቸውን አለመደበቃቸው ግን ትልቅነት ነው።

«ይቅር በለኝ ልጄ! ሕመሙ የመኪናዋ፣ ቅጣቱ ያንተ! ልጆችህን ጦም ላሳድር ነበር።»

መጋጠሚያው ተቀየረ፣ አዲስ ጎማ ገባ፣ አቅጣጫውም በመለኪያ ተስተካከለ። ለሙከራ ሲነዷት መኪናዋ ቀጥ ብላ ሄደች፣ መሪውም ፀጥ አለ። ሽማግሌው የዓለም ዋንጫ እንደበላ ሰው እየጮኹ ተመለሱና ጎሚስታው ደጃፍ ለተሰበሰቡት ሾፌሮች ሰበኩ፦

«ስሙኝ! አዲስ ጎማ ከመግዛታችሁ በፊት አሮጌውን ዳብሱት። ጎማ ይበረክታል፣ ነዳጅ ይተርፋል፣ መሪ ተበጥሶ ገደል አይገባም፤ ከሁሉ በላይ ሰው በሐሰት አይከሰስም። የተማረ ልጅ ያላችሁም ጠይቁ፤ መጠየቅ ሽበት አያረክስም!»

በማግስቱ ረጅሙን መንገድ ከአማቻቸው ጎን ተቀምጠው ጀመሩ። ሌላ ሰው ሲነዳ ዓይናቸውን ከድነው የማያውቁት ሽማግሌ፣ ቁልቁለቱ መሐል እንቅልፍ ጣላቸው። አማችም ሞተሩን በሚያስንቀው ማንኮራፋታቸው እየሳቀ ነዳ።