እርጥብ ብሩሽ

ስቶክሆልም፣ ወደ ዩልስታ በሚሄደው ባቡር ውስጥ አንዲት አሮጊት መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል፤ ሴት ልጃቸውና የልጃቸው የሥራ ባልደረባ ከፊታቸው የመደገፊያውን ብረት ይዘው ቆመዋል። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ።

«ስንት ጥርስ ነው የሚነቀለው?» አለች ባልደረባዋ።

«ከታች የቀሩት ስድስቱም። ሐሙስ።»

«አንቺ እያለሽ? የምንጦራቸውን አረጋውያን ስዊድኖች ጥርስ እንዴት እንደምንቦርሽ ያሳየሽን አንቺ አይደለሽ? ብሩሹን ወደ ድዱ ዘንበል አድርጎ፣ ቀስ እያሉ።»

«ለእማዬም እንደዚያው ጀምሬ ነበር። ድዷ ደማ።»

«ቢደማም አትተዉት፣ የታመመ ድድ ነው የሚደማው ስትዪን አልነበር?»

«በሰው እናት ይቻላል።»

«ታዲያ ተውሽው?»

«ራሴ እቦርሻለሁ አለችኝ። ጠዋት ጠዋት ብሩሹን ስነካው እርጥብ ነው።»

ባልደረባዋ ወደ አሮጊቷ ጎንበስ አለች።

«እማማ ዘሀራ፣ ድዱ ድረስ ይቦርሹ ነበር?»

«ደሙን ስታይ ፊቷን ታዞራለች» አሉ፣ አፋቸውን በሻሻቸው ሸፍነው። «ደም እንዳታይብኝ ብሩሹን ውሃ ብቻ አስነካው ነበር።»

ሱንድቢበሪ ጣቢያ ደረስን፤ ምላሴን ድዴ ላይ እንዳሳረፍኩ ወረድኩ።