የዘገየ ለቅሶ

ባሕር ዳር፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ከተማ የሚገባውን መንገድ ስናስጠርግ የሥራው ኃላፊ እኔ ነበርሁ። አንድ ጠዋት እማማ ጥሩነሽ የሚባሉ የሰፈሩ እናት መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ለቤታቸው የሰጉ መስሎኝ «አይስጉ እማማ፣ መንገዱ ቤትዎን አይነካም» አልኋቸው።

«ስለ ቤቴ አይደለም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ልጄ እዚች ዛፍ ሥር ነው ያለ። ሲገድሉት ለቅሶም ተከልክሎ ነበርና ተደብቄ ቀበርሁት። መንገዱን አዙርልኝ አልልህም። ዶዘሩ ሳይደርስበት ላንሣው።»

ደርግ ገና ሥልጣን ላይ ነው፤ እሱ ያስገደለውን ሰው አፅም ማስነሣት እኔንም ያስጠይቀኛል። ላማክረው ብዬ ለዶዘሩ ነጂ ነገሩን ስነግረው ሞተሩን አጠፋና አካፋ ይዞ ወረደ። እኔም ተከተልሁት።

አፅሙን ስናወጣ እማማ ነጠላቸውን ዘርግተው ተቀበሉን፤ ከዚያም ጮኹ። ዝም ይበሉ ያላቸው የለም። ሠራተኛው ሁሉ አብሮ አለቀሰ። የሰፈሩ ቄስ ፈትተውት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀበረ።

በማግስቱ እማማን መንገድ ላይ አየኋቸው። ጥቁር ለብሰዋል። ልጃቸው ከሞተ ዓመታት ቢያልፉም ሐዘን የተቀመጡት ገና ያን ዕለት ነበር።