ፍሬው እስኪታይ

የተከበራችሁ ቤተሰቦች፣ ጎረቤቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣

ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ከወሩ አሥራ ሰባተኛው ቀን። ጠዋት ካፊያ ነበር፤ አሁን አባርቷል፤ ነፋሱ ግን አልተወንም። እዚህ የቆምነው ባለቤቱ፣ ታላቅ እህቱ፣ የሰፈሩ ሰዎች፣ ተክል አድርቆ ከሚያስቀምጠው ከደረቅ ዕፅዋት ክፍል የመጣን የሥራ ጓደኞቹና የመሥሪያ ቤታችን ጋራዥ ዘበኛ ነን። ንግግር አላውቅበትም። እኛ ክፍል አንድ ቅጠል ሲመጣ መጀመሪያ የሚጻፈው ቀኑ፣ አየሩና በቦታው የነበረው ሰው ነው። ሌላ አጀማመር ስለማላውቅ ነው በዚህ የጀመርኩት።

ሰኞ ጠዋት አብረን ሻይ ጠጣን። ስኳር አበዛህ አልኩት። "አንቺን ምን ቸገረሽ፣ የምወፍረው እኔ" አለኝ። ሰኞ ከሰዓት የለም። እንዴት ነው ይሄ? እኔ ገና አልገባኝም። እናንተስ ገብቷችኋል? ቀሚሴን ለብሼ፣ ጫማዬን አስሬ እዚህ ድረስ መጥቻለሁ፤ ግን አልገባኝም።

አቶ ቆይ ነበር የምንለው። ፊት ለፊቱም እንለዋለን፤ ቅር አይለውም። ድሮ ፖስታ ያድል የነበረ ሰው ነው። ደብዳቤ ይዞ በየአጥሩ ሲዞር ነው ከተክል ጋር የተዋወቀው። እንደኔው ከተጣለ ወረቀትና ከሰው አፍ ቃርሞ ነው የተማረው። ሕጉ አንድ ነበር። ቅጠሉ ታይቶ፣ አበባው ታይቶ፣ ፍሬው ታይቶ ነው ስም የሚሰጠው። አንዱ ከጎደለ፣ "ቆይ"።

አዲሱ ኃላፊያችን የመጣ ሰሞን አንድ ቅጠል ይዞ ገባ። ለአትክልት ቦታው ታፔላ ሊያሠራ ነው።

"ጋሼ፣ ቶሎ ስሙን ይንገሩኝ፤ ታፔላ ጸሐፊው ቀለሙን በጥብጦ ቆሟል።"

"ቆይ፤ አበባ ሲያወጣ ና።"

"ቅጠሉ አይበቃም እንዴ?"

"አንተ ጫማ ብቻ አይተህ የማን ባል እንደሆነ ትናገራለህ?"

የቢሮ ጸሐፊያችን ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል፣ "የኔን ባል ጫማ በጠረኑ አውቀዋለሁ" አለች። ኃላፊው ራሱ ሳቀ። ታፔላው እስከ አበባው ወቅት ባዶውን ቆመ። ኃላፊያችን አሁን እዚያ ጥግ ቆሟል፤ ቀና ብሎ ማየት አቅቶታል።

ዘገምተኛ ነበር ብላችሁ ግን እንዳታስቡ። አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ እየጮኸች የገባችበትን ቀን ክፍላችን ሁሉ ያስታውሰዋል። የልጁ አፍ ዙሪያው በበላው ፍሬ ቀልቷል። በእጇ የያዘችው ቅርንጫፍ ፍሬ ነበረው። አቶ ቆይ ተቀበላት። አንዱን ፍሬ በጥፍሩ ከፈለ፣ ዘሩን አየ፣ ቅጠሉን ገለበጠ። ከዚያ ሌላውን ፍሬ አፉ ውስጥ ጣለና አኘከው። "ሆዱን ትንሽ ቢቆርጠው ነው። ቁጭ በይ እህቴ፣ ውሃ ጠጪ" አላት። ልጇን እንደታቀፈች ብርጭቆውን ራሱ ያዘላት። ያቺ እናት ዛሬ ከኋላችን ቆማለች።

ታዲያ እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ሰው እንዴት ከግንብ ይወድቃል? እንዴት?

ከጋራዡ ጀርባ አፈር የሚደግፍ ረጅም ግንብ አለ። ጫፉ ላይ አንድ ሐረግ በቅሏል። እኔ፣ ያው በየአጥሩ ያለው የአጥር ሐረግ ነው አልኩት። እውነቱን ለመናገር ምሳ ሰዓት ደርሶ ነው እንጂ አጣርቼ አልነበረም። እሱ ግን፣ "ቅጠሉ ሰፋ፣ አበባው ነጣ ይላል። የማናውቀው ዘመዱ ቢሆንስ? ቆዪ፣ ፍሬውን እንይ" አለኝ። ሐረጉ ግን አላፈራም። በየዓመቱ ያብባል፣ ይረግፋል። በየዓመቱ እሱ ከታች አንጋጦ አይቶ ይመለሳል።

ሰኞ ፍሬ ታየው፤ ግንቡ ላይ ወጣ። ዘበኛው አጠገቡ ነበር። "ጋሼ ይውረዱ፣ ድንጋዩ ላልቷል አልኳቸው" ብሎ ነገረኝ። "'ፍሬ ይዟል እኮ' አሉኝ። እየሳቁ ነበር።" ከዚያ ድንጋዩ ለቀቀ።

ሆስፒታል እጁ ውስጥ የተገኘውን ሰጡን። ተጨፍልቋል፤ ምን እንደሆነ አይለይም። ባለቤቱ ክንዴን ያዘችኝ። "ምንድን ነው ይሄ? ለምን ብሎ ነው የወጣው? ትልቅ ነገር ነው በይኝ" አለችኝ። አላውቅም አልኳት።

ቀጥዬ የምለውን እንድናገር የፈቀደችልኝ እሷው ናት።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ፀሐይ ገና ሳትሞቅ፣ ወደ ጋራዡ ሄድኩ። ዘበኛው መሰላል አመጣና በሁለት እጁ ያዘልኝ። ቅጠልም አበባም ፍሬም ያለውን አንድ ቅርንጫፍ ቆረጥኩ። ክፍላችን ወስጄ የእሱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ወንበሩ ላይ አልተቀመጥኩም። ፍሬውን በምላጭ ከፈልኩት። ደረቅ ነው፤ ውስጡ በሦስት ይከፈላል፤ ዘሩ ነጭ ጸጉር አለው። ከአጥር ከቀጠፍኩት ፍሬ ጎን አደረግኩት። አንድ ናቸው። ቅጠሉን ያሰፋው፣ አበባውን ያነጣው የጋራዡ ጣሪያ ጥላ ነው። ቅርንጫፉን በጋዜጣ መሃል ዘረጋሁት፤ እንዲደርቅ በሁለት ጣውላ መሃል አድርጌ የማሰሪያውን ቀበቶ አጠበቅኩ። ጋዜጣው ጠርዝ ላይ በእርሳስ "የአጥር ሐረግ" ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ ባለቤቱ ዘንድ ሄድኩ። በር ላይ ጠበቀችኝ።

"ተራ ሐረግ ነው" አልኳት። "ያ የአጥሩ።"

"እኛ አጥር ላይ ያለው?"

"አዎ።"

መዋሸት እችል ነበር። ማንም አያጣራም። በእሱ ነገር ግን እንዴት ይዋሻል?

ወደ አጥሩ ሄደች። አንድ ቅጠል ያዘች። "በየት በኩል ነበር የሚያየው?" አለችኝ። ከጀርባው አልኳት። ገለበጠችው። አበባውን አሳየኋት። ፍሬውን ራሷ ፈልጋ አገኘችው፤ መዳፏ ላይ አድርጋ ብዙ አየችው።

ወንድሜ፣ ሚስትህ አውቃዋለች። ደህና ሁን።