የሚያቃስተው የአርዝ ጣራ

ከሚደልት ከተማ ገበያ ስመለስ የእህቴን ልጅ ቱዳን መንገድ ላይ ባላገኛት ኖሮ ምን ይደርስብን እንደነበር ሳስበው ዛሬም እፈራለሁ። ቱዳ አናጢነት የተማረች ናት። የጣራችን ተሸካሚ ግንድ ሰሞኑን እንደሚያቃስት፣ ልጆቼ የሚተኙት ከሥሩ እንደሆነ፣ ለክብራቸው "ዳዳ" የምንላቸው የባሌ አባት ዳዳ ዛይድም ነገ አፈር ሊደርቡበት እንዳሰቡ ነገርኳት። ወደ ቤቷ እንኳ ሳትደርስ ተከትላኝ መጣች።

በእኛ መንደር ጠፍጣፋው የአፈር ጣራ ባፈሰሰ ቁጥር አዲስ አፈር ይደረብበታል እንጂ አሮጌው አይነሣም።

ዳዳ ዛይድ ቱዳ የመጣችበትን ሲሰሙ ሳቁ። "ይህች የልጄ ሚስት እዚህ ከገባች ጀምሮ ቤቱ በሐሳቧ መቶ ጊዜ ፈርሷል። አያቴ የሰቀለው የአርዝ ዛፍ ግንድ ነው፣ ልጄ። ትል እንኳ አይደፍረውም።"

"እውነት ነው፣ ዳዳ። ሽታው ትሉን ያባርራል፤ እርጥበት ካልነካው ከሁላችንም ዕድሜ ይበልጣል። ግን ለስላሳ እንጨት ነው፣ ክብደት ሲበዛበት ይጎብጣል። ደግነቱ ከመሰበሩ በፊት ያቃስታል" አለች ቱዳ።

"ጉልበቴም ያቃስታል። ወድቄያለሁ?"

ቱዳ ከግንዱ ሁለት ጫፎች አንድ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጋ ሲባጎ ወጠረች። መሐል ላይ በግንዱና በሲባጎው መካከል የቀረው ግማሽ ስንዝር አይሞላም፤ ግንዱ ከግማሽ ስንዝር በላይ ጎብጧል ማለት ነው። ዳዳ ዛይድ ግን ከጥንትም ጎባጣ ነበር ብለው ተከራከሩ። በዚህ መሐል ግንዱ አንዴ ሲጥ አለ፤ እኔም ልጆቼን ይዤ ወደ ደጅ ወጣሁ።

ሁለቱ በግድግዳው ዳር በኩል ጣራው ላይ ሲወጡ ከታች እሰማቸው ነበር። ቱዳ የጣራው ጠርዝ ግንብ ሙሽራ ሳሉ እስከምናቸው ይደርስ እንደነበር ጠየቀቻቸው።

"እስከ ወገቤ። እዚህ ተደግፌ ነው ሙሽራዬ ስትመጣ ያየኋት።"

ቀና ብዬ ሳይ ግንቡ ከጉልበታቸው በታች ነበር።

"ሰምጦ ይሆን?" አሉ ቀስ ብለው።

"ግንቡ እዚያው ነው፣ ዳዳ። ከፍ ያሉት እርስዎ ነዎት። ከእግርዎ ሥር የሃምሳ ዓመት አፈር አለ።"

መጀመሪያ ግንዱን ከሥር በምሰሶ ደገፍነው። አፈር ለመደረብ የተዘጋጀውን አካፋ አፈሩን ለማውረድ ያነሡት ግን ራሳቸው ዳዳ ዛይድ ናቸው። አሮጌው አፈር ወርዶ በስስ ንብርብር ተተካ፤ የግንዱ ጫፎችም ከግድግዳው እርጥብ ጭቃ ወጥተው በደረቅ ድንጋይ ላይ አረፉ። ጣራው ቀለለ፣ ማፍሰሱም ቆመ፤ ግንዱ በሁለት ጣት ቀና ብሎ ማቃሰቱን ተወ።

የግንዱ ዝምታም ያስፈራኛልና ሲባጎውን አልፈታሁትም፤ ከሲባጎው እስከ ግንዱ ያለውን ርቀት በየሳምንቱ እለካለሁ። ዳዳ ዛይድ ሲያዩኝ ይስቁብኝ ነበር። ባለፈው ዓርብ ግን ልጆቹ የተኙበትን አልጋ እያዩ ጠጋ አሉና፣ "ስንት ሆነ?" ብለው ጠየቁኝ።