«ሊባኖስን ጠይቁ» የሚለው ገጽ

አዲስ አበባ፣ ሲኤምሲ ሰፈር፣ ከቤቴ ፊት ለፊት ባለው የውስጥ መንገድ ላይ ድንኳን ተተክሎ ነበር። የጎረቤቴ የወይዘሮ አስመረት አንድያ ልጅ ሊባኖስ በድንገተኛ ሕመም ሞቶ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ለቅሶ ቤት ሰው መርጦ አይቀመጥም፤ እድሩ ከደረደረው አግዳሚ ላይ ክፍት ያገኘበት ይቀመጣል። እኔም እንዲሁ ከሁለት የማላውቃቸው ሰዎች አጠገብ አረፍ አልኩ። ሌላ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩት። ዕድሜዬን በመምህርነት የፈጀሁ ሰው ነኝና ክርክር ስሰማ ጆሮዬን መያዝ አልችልም፤ ለቅሶ ቤት መሆኑም አላገደኝም።

አንደኛው ጥቁር ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ናቸው። አቶ ዓምደሚካኤል ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው፤ ቤታቸው ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር ነው። ሁለተኛዋ ጥቁር ነጠላ የደረበች ወጣት ናት፤ ሰምሃል ትባላለች፤ የሟቹ የትምህርት ቤትና የሥራ ባልደረባ ነበረች። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይከራከራሉ። የክርክሩ ፍሬ እስኪገባኝ ጥቂት ጊዜ ፈጅቶብኛል፤ አንባቢዬ ግን እንደ እኔ እንዳይንገላታ ነገሩን አስቀድሜ ልንገረው።

«ተራዬ» የሚባል ፕሮግራም አለ። ጤና ጣቢያዎች የበሽተኞችን ካርድና ቀጠሮ የሚይዙበት ነው። ምንጩ ክፍት ነው፤ የተጻፈበት ኮድ ለማንም የተገለጠ ስለሆነ የፈለገ ሁሉ በነፃ ይወስደዋል፣ ያሻሽለዋል። አቶ ዓምደሚካኤል ጀመሩት፤ ሊባኖስና ሰምሃል ከሥራ ሰዓታቸው ውጭ ያግዟቸው ነበር። ታዲያ ፕሮግራሙን መውሰድ ብቻውን አይበቃም። ሰርቨር በሚባለው ዋና ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ፣ ተስተካክሎ፣ ለሥራ መብቃት አለበት፤ ወጣቶቹ «ዲፕሎይ ማድረግ» ይሉታል። አዲስ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ሊባኖስ ይህን ሁሉ በራሱ የሚሠራ መሣሪያ አዘጋጅቶ ነበር። ነገር ግን ኢንተርኔት ላይ ያለው የፕሮግራሙ ሰነድ መሣሪያውን ለአዲስ ሰው አያሳይም። ስለ መጫን መነገር በነበረበት ቦታ ላይ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ለመጫን ሊባኖስን ጠይቁ»፤ ከዚያም የስልክ ቁጥሩ።

በዚህ ማንም አይሳቅ፤ ሁላችንም እንዲሁ ነን። የቢሮው ቁጥር በሩ ላይ ተለጥፎ እያየን ዘበኛውን እንጠይቃለን። ጽሑፍ የምናምነው ሰው ሲደግመው ነው።

«ጋሽ ዓምዴ፣ ዛሬ ይህን ማንሳት እንደማይገባኝ አውቃለሁ» አለች ሰምሃል። «ግን ቁጥሩ አሁንም ገጹ ላይ ነው። ስልኩ ያለው ደግሞ አደይ አስመረት እጅ ነው።» አደይ ያለቻቸው በትግርኛ «እናቴ» ስትላቸው ነው።

«አነሳዋለሁ። የእኔን ቁጥር እተካለሁ።»

«የእርስዎን ከተኩማ ነገሩ ያው ነው። እኔ የምለው በሰው ፋንታ መንገዱ ይቀመጥ ነው። መሣሪያው ተሠርቶ እያለ ሰው ለምን ይደውላል?»

ሽማግሌው የያዙትን የውኃ ጠርሙስ መሬት ላይ አስቀመጡ። «ልጄ፣ አንቺስ እንዴት መጣሽ? ደውለሽ አይደል? ደጅ ሳይጠና የተገኘ ነገር አይከበርም። ሰው ሲደውል ስሙን ይናገራል፣ ከየት እንደሆነ ይነግረናል፣ ውሎ አድሮ ወዳጅ ይሆናል። ዛሬ ከእኛ ጋር የሚሠራው ሁሉ በዚያ ቁጥር የመጣ ነው። አንድ ጊዜ ጠቅ አድርጎ የሚጭንማ ጭኖ ይሄዳል፤ እኛንም አያውቀን።»

እውነቱን ለመናገር እኔም ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ደጅ ጠንቼ ነው የተማርኩት።

«የመጡትን እኮ ነው የሚቆጥሩት» አለች ሰምሃል። «ሳይደውሉ የተመለሱትን ማን አያቸው? አንድ ሰው ገጹን ከፍቶ የፈለገውን ሲያጣ አይነግረንም፤ ዘግቶ ይሄዳል። እኔ የደወልኩት ሊባኖስን ስለማውቀው ነው። ባላውቀው ኖሮ አፍር ነበር።»

ሽማግሌው ቀጠሉ፦ «ሌላም ነገር አለ። የበሽተኛ ምሥጢር ነው ውስጡ ያለው። በጣም ካቀለልነው ጥንቃቄ የማያውቅ ሁሉ ይጭነዋል። ሰነዱን ታሪካችን በሚል ክፍል የጀመርኩትም ለዚህ ነው፤ ቀጥሎ ንድፉ፣ ቀጥሎ የአሠራሩ ሐተታ። አንብቦ፣ ገብቶት ይንካው ብዬ።»

«ጋሼ፣ በሽተኛ ተሸክሞ የመጣ ሰው ሆስፒታሉ መቼ እንደተመሠረተ በር ላይ ቆሞ አያነብም። ድንገተኛ ክፍሉ በየት በኩል ነው ይላል። ታሪኩ ይኑር፤ ሲረጋጋ ያነበዋል። ስለ ጥንቃቄ ካነሱ ደግሞ፣ መንገዱ የጠፋው ሁሉ ተስፋ ቆርጦ አይሄድም። አንዳንዱ ከዚህም ከዚያም ትእዛዝ ለቃቅሞ እንደምንም ያስነሳዋል። የይለፍ ቃሉን አይቀይር፣ መጠባበቂያ ቅጂ አያስቀምጥ፤ ለማንም ክፍት አድርጎ ይተወዋል። የሊባኖስ መሣሪያ ይህን ሁሉ ራሱ ያሟላል። ጥንቃቄ ያለበትን መንገድ ደብቀን ተጠንቀቁ ብንል ማን ይሰማናል?»

አቶ ዓምደሚካኤል ጠርሙሱን ከመሬት አነሡ። «ሊባኖስም እንዲህ ብሎኝ ነበር» አሉ።

«ምን አሉት?»

«ይቆይ አልኩት።»

እኔም የማላውቀውን ሰው ጸጸት ተቀምጬ መስማቴ አሳፈረኝና ልነሳ ስል፣ ከድንኳኑ ጫፍ፣ ሴቶቹ ከተቀመጡበት፣ ስልክ ጠራ። ወይዘሮ አስመረት አነሡት። ጆሯቸው ስለሚደክም ድምፁን ከፍተው ነው የሚያነጋግሩት፤ ስለዚህ ሁላችንም ሰማን።

«ሄሎ፣ ሊባኖስ ነው? ቤዛዊት እባላለሁ፤ ከቦሌ አራብሳ ነው የምደውለው። ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነው የምሠራው። ተራዬን ለመጫን ፈልገን ነበር፤ ገጹ ሊባኖስን ጠይቁ ስለሚል ነው።»

«ሊባኖስ የለም፣ የኔ ልጅ።»

«እሺ፣ መቼ ብደውል አገኘዋለሁ?»

ወይዘሮ አስመረት ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ዐርፏል። ቅዳሜ ቀበርነው። እናቱ ነኝ።»

ከዚያኛው ጫፍ ልጅቱ ማልቀስ ጀመረች። «ይቅርታ እናቴ፤ ምንም አላወቅኩም።»

«በየት ታውቂያለሽ? አታልቅሺ። የደወለው ሁሉ እንዳንቺ ያለቅሳል፤ እኔው ነኝ የማባብለው።» ከዚያ ቀና ብለው ወደ ወንዶቹ ተመለከቱ። «ይህችን ልጅ ሥራዋን የሚያሳያት ሰው የለም?»

ስንት ለቅሶ ደርሻለሁ፤ እንደዚህ አንጀቴን የቆረጠኝ ጥያቄ ግን አላስታውስም። ልናጽናናቸው የተሰበሰብንላቸው እናት የልጃቸውን ሞት ለማያውቁት ሰው ደጋግመው እየተናገሩ፣ መልሰው የሚያጽናኑት እሳቸው ሆነዋል። ምክንያቱ ደግሞ አንድ ገጽ ላይ የተጻፈች አንዲት መስመር ናት። ሊታረም የሚችል ነገር ሰውን ሲያሠቃይ እንደማየት የሚያናድደኝ የለም።

አቶ ዓምደሚካኤል ተነሥተው ስልኩን ተቀበሉ። «እኔ አሳይሻለሁ፤ ፕሮግራሙን የጀመርኩት እኔ ነኝ» አሏትና ከድንኳኑ ወጡ። ሰምሃል ተከተለቻቸው፤ እኔም ማንም ሳይጠራኝ ተከተልኩ። አጥሩ ሥር ቆመው በራሳቸው ስልክ ሰነዱን ከፈቱ፤ የቱን መጫን እንዳለባት ሊነግሯት ነው። ታሪካችን የሚለውን አለፉ። ምስጋና የሚለውን አለፉ። ንድፉ ውስጥ ገብተው ወጡ። «አንድ ጊዜ ታገሺኝ፣ እዚህ ነበር» አሏት፤ ደግመውም «ታገሺኝ» አሏት። ሰምሃል እያየች ዝም አለች። ጭካኔ መሰለኝ፤ ኋላ ሳስበው ግን ከዚያ የተሻለ ትምህርት አልነበረም።

በመጨረሻ «ልዩ ልዩ ከሚለው ሥር ነው» አለች። «ታች፣ መጨረሻው ላይ። የሊባኖስ ስክሪፕት ይላል፤ መሣሪያው እሱ ነው።»

«መጫን የሚል ቃል የለበትም?»

«የለበትም። እርስዎ ነዎት ስሙን ያወጡለት። ለእኛ ምኑም አልከበደንም፤ ልጁን እናውቀዋለን። ቤዛዊት ግን አታውቀውም።»

ሽማግሌው አጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። «የጻፍኩትን እኔው ካጣሁት ማን ሊያገኘው ነው?» አሉና ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። «መንገዱን ልጁ ላይ ጫንኩት፤ ይዞት ሄደ። አንቺ እንዳልሽ ይሁን።»

ቤዛዊትን ጥቂት እንድትቆይ ነግረዋት፣ ወደ ቤቴ ይዣቸው ገባሁ። ሰምሃል ላፕቶፗን ዘረጋች። ሳሎኔ ውስጥ ሆነን የድንኳኑ ለቅሶ በመስኮት ይሰማን ነበር፤ አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ዋይታው ሲነሣ ሦስታችንም እጃችንን እንሰበስባለን፤ ሲበርድ እንቀጥላለን።

የመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ «አዲስ ነዎት? ተራዬን ለመጫን ከዚህ ይጀምሩ» ተብሎ ተጻፈ። ከሥሩ የሊባኖስ መሣሪያና በየገጹ ተበታትነው የነበሩ ሌሎች መጫኛዎች ተቀመጡ፤ የትኛው ለትንሽ ጤና ጣቢያ፣ የትኛው ብዙ ቅርንጫፍ ላለው እንደሚሆን በአጭሩ ተገለጸ። የሊባኖስ መሣሪያ «በአንድ ትእዛዝ መጫኛ» ተባለ። አቶ ዓምደሚካኤል እዚህ ላይ እጃቸው ተያዘ። «ስሙን ከላዩ ልፋቀው?» አሉ።

«ከሥሩ ይጻፍ» አለች ሰምሃል። «የሠራው ሊባኖስ ነው ተብሎ ይጻፍ።»

ቀጥሎ ለቤዛዊት ደወሉላት። ሰምሃል ጠበቅ ያለ ሕግ አወጣች፤ ልጅቱ ገጹን ብቻ እያየች ትሥራ፣ የቆመችበትን ትንገረን፣ ማንም እንዳይመራት። ለአቶ ዓምደሚካኤል ከዚህ የከበደ ጾም አልነበረም። ልጅቱ «የሰርቨር አድራሻ ይላል፤ የቱን ነው?» ስትል አፋቸውን ከፈቱ፤ ሰምሃል በእጇ ምልክት ከለከለቻቸው፤ ዘጉት። የጎደለውን ማብራሪያ ገጹ ላይ ጻፉት፤ ቤዛዊት እንደገና ከፈተችውና አነበበችው፤ አለፈች። ጥቂት ቆይታ «ተከፈተ፤ የካርድ ቁጥር አስገቢ እያለኝ ነው» አለች። ደስታዋን ለመደበቅ ስትሞክር ይሰማ ነበር፤ ለቅሶ ቤት መደወሏን አልረሳችም።

ሽማግሌው አንድ ነገር ብቻ አልለቅም አሉ። «ሰው ከሰው ጋር መተዋወቁ ይቅር ካላችሁኝ አልስማማም። ጭኖ ሲጨርስ ማን እንደሆነ ይንገረን።»

«እዚህ ላይ ልክ ነዎት» አለች ሰምሃል። በገጹ መጨረሻ ላይ ጨዋ የሆነ ግብዣ ጻፉ፤ የተቸገረም የሚጽፍበት፣ ብዙዎች በየተራ የሚመልሱበት የጋራ አድራሻ ተጨመረ። የሊባኖስ ቁጥር ከገጹ ተነሣ።

የአርባው ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ከወይዘሮ አስመረት ቤት ተሰበሰብን። አቶ ዓምደሚካኤልም መጥተው ነበር። ወይዘሮ አስመረት ስልኩን ከጎናቸው አንሥተው ሰጡኝ። «እስቲ እየው መምህር፤ ተበላሽቶ ይሆን? ከለቅሶው ሰሞን ወዲህ ጠርቶ አያውቅም።»

አቶ ዓምደሚካኤል ወንበራቸውን አስጠግተው ነገሩን ሁሉ አስረዷቸው። «አልተበላሸም። በፊት ሊባኖስ ስልክ ካላነሣ ሥራው ይቆም ነበር፤ እኔ በግትርነቴ እንደዚያ አድርጌው ነበር። አሁን ቁጥሩ ከገጹ ተነሥቶ መንገዱ ፊት ለፊት ተጽፏል። ገና የተመደበች ልጅ ማንንም ሳታስፈቅድና ሳታፍር ትጭነዋለች። በጥንቃቄ ስለሚጫን የበሽተኛው ምሥጢር ይጠበቃል። ካርድ ፍለጋ ተራ ይዞ የሚቆመው ሰው ቶሎ ይስተናገዳል። ሠራተኛ ቢለወጥ፣ እኛም ብንሞት፣ ሥራው አይቆምም። ከሚጭኑት ብዙዎቹ ማን እንደሆኑ ይጽፉልናል፤ ሊያግዙን የጀመሩም አሉ። ሁሉም የሚጠቀሙት እሱ በሠራው ነው። እርስዎም የለም ማለቱ ቀረልዎ።»

እኔ ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት እዚህ ላይ ልጨርሰው ነበር። ለሥራ የሚሆን መሣሪያ ያላችሁ ሰዎች፣ አዲስ መጪ በሚያውቀው ስም ጥሩት፣ ደጁ ላይ አስቀምጡለት፣ እውቀትን በአንድ ሰው አፍ አታኑሩ ብዬ። ምክሬ አሁንም ይኸው ነው፤ አንድ ቃል አልመልስም።

ወይዘሮ አስመረት ግን እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ የነጠላቸውን ጫፍ ሲያስተካክሉ ቆዩ። «ጥሩ አድርጋችኋል» አሉ። «የለም ማለት ደክሞኝ ነበር፤ እውነት ነው። ግን ልጄን የሚጠይቅ ድምፅ እሰማ ነበር። ሊባኖስ ነው ወይ ይሉኛል። ስልኩ ደህና ከሆነ ቁጥሩን ገጹ ላይ መልሱልኝ ብዬ ልለምናችሁ አስቤ ነበር።»

አቶ ዓምደሚካኤል አንገታቸውን ደፉ።

«ተዉት» አሉ ወይዘሮ አስመረት። «ልጆቹ ሥራቸውን ይሥሩ።»