ከፍተኛ አማካሪ

አዲስ አበባ፤ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ትኬት የሚቆረጥበትን ሶፍትዌር በሚሠራ ድርጅት፣ ሰኞ ጠዋት፤ ሶፍትዌሩን ከመነሻው የጻፈችው ትርሲት በቅርቡ ወደተሾመው ሥራ አስኪያጅ ወደ አቶ ይገረም ቢሮ ሳታንኳኳ ገብታለች።

ትርሲት፦ አልቀመጥም። መጀመሪያ የይለፍ ቃሌን ማን እንደዘጋው ይንገሩኝ።

ይገረም፦ ማንም አልዘጋውም። የሥራ ድርሻዎ ስለተቀየረ ሲስተሙ ራሱ ነው…

ትርሲት፦ ሲስተሙ ራሱ? እኔ የጻፍኩት ሲስተም በገዛ እጁ ተነሥቶ እኔን አስወጣኝ?

ይገረም፦ ቁጭ ይበሉና እንነጋገር፣ ወይዘሪት ትርሲት።

ትርሲት፦ ደግሞ "ይበሉ" ከመቼ ወዲህ ነው? እስከ ዓርብ "አንቺ" ነበርኩ።

ይገረም፦ ለአክብሮት ነው። አሁን እኮ ከፍተኛ አማካሪ ነዎት።

ትርሲት፦ አማካሪ! በዚህ አገር ሰው አማካሪ የሚባለው ማንም እንዳያማክረው ሲፈለግ ነው። ቢሮዬንም አይቼዋለሁ፤ ከፎቶኮፒው ማሽን ጀርባ ያለው፣ መስኮት የሌለው።

ይገረም፦ ጸጥ ያለ ክፍል ነው።

ትርሲት፦ መቃብርም ጸጥ ያለ ነው።

ይገረም፦ ይረዱኝ እንጂ። አዲሶቹ ባለቤቶች ዘመናዊ አሠራር ይፈልጋሉ። በእርስዎ ቦታ ቡድኑን የሚመራው ኪሩቤል ሁለተኛ ዲግሪ አለው፤ ትልልቅ ቦታም ሠርቷል።

ትርሲት፦ ትልልቅ ቦታ ሲሉ እርስዎ የነበሩበት ማለትዎ ነው? አብራችሁ ነው እኮ የመጣችሁት።

ይገረም፦ አሽሙሩን ብንተወው።

ትርሲት፦ አልችልም። ፕሮግራም የተማርኩት መርካቶ ኢንተርኔት ቤት ነው፤ አሽሙሩንም እዚያው ነው የተማርኩት፣ ሁለቱን አብረው ነው የሰጡኝ። እዚህ ስመጣ ጠረጴዛ እንኳን አልነበረም። አውቶቡስ ተራ ቆሜ፣ ከትኬት ቆራጮቹ ስድብ እየጠጣሁ ነው የጻፍኩት። ዛሬ የኪሩቤል ነው አሉኝ።

ይገረም፦ የድርጅቱ ነው።

ትርሲት፦ ዓርብ ዕለት ሲበላሽ ግን የትርሲት ነበር። "ትርሲት ትጠራ!" ነበር የተባለው።

ይገረም፦ እውነቱን ልንገርሽ? ውሳኔው የእኔ ብቻ አይደለም።

ትርሲት፦ ጎሽ፣ "አንቺ" ተመለሰች። የማን ነው ታዲያ?

ይገረም፦ የልጆቹ።

ትርሲት፦ የትኞቹ ልጆች?

ይገረም፦ ያንቺዎቹ። ያስተማርሻቸው።

ትርሲት፦ ውሸት ነው!

ይገረም፦ ቀን የጻፉትን፣ እነሱ ከወጡ በኋላ ቁጭ ብለሽ ታጠፊዋለሽ አሉ። ጠዋት ሲመጡ የነሱ የለም፣ ያንቺ ተቀምጧል። አንድ ቃል አትነግሪያቸውም።

ትርሲት፦ ስህተት ነዋ! ትቼው ልሂድ? አንድ ወንበር ለሁለት ሰው ተሽጦ ተሳፋሪዎቹ በሩ ላይ ይናነቁ?

ይገረም፦ ስህተት መሆኑን ማን ነገራቸው?

ትርሲት፦ እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ሲደክሙበት የዋሉትን፣ "እዩት፣ ጨርሻለሁ" ብለው ደስ ብሏቸው የሄዱትን… ይሉኝታ ያዘኝ።

ይገረም፦ አንቺን? ይሉኝታ? አሁን "መቃብር" ስትዪኝ የት ሄዶ ነበር?

ትርሲት፦ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፣ ይችሉታል። እነሱ ልጆች ናቸው።

ይገረም፦ ልጆቹ ግን ንቀት ነው ያሉት። "ድሮም ከሰው አትቆጥረንም" ነው ያሉት።

ትርሲት፦ ማን ነው እንዲህ ያለው?

ይገረም፦ ስም አልጠራም።

ትርሲት፦ ቤዛ ናት?

ይገረም፦ ስም አልጠራም አልኩሽ።

ትርሲት፦ ቤዛ ናት። አንገትዎን ደፉ እኮ። በራሴ ላፕቶፕ ያስጀመርኳት ልጅ! ቤተሰቦቿ "ይሄ ሥራ ነው?" ብለው ሲቆጧት ቤታቸው ድረስ ሄጄ የለመንኩላት!

ይገረም፦ ለዚህ እኮ ነው በክብር ገለል በይ የምልሽ። ለሁላችሁም…

ትርሲት፦ ምን አለች?

ይገረም፦ ነገርኩሽ እኮ።

ትርሲት፦ የነገሩኝ የእርስዎን ነው። የእሷን ቃል ነው የጠየቅሁት።

ይገረም፦ ምን ያደርግልሻል? ያው ነው።

ትርሲት፦ በእኔ ሥራ ያው አይደለም። አንዲት ነጥብ ስትጎድል ሁሉም ይቆማል። ቃሏን።

ይገረም፦ "አትሥራልን፤ ታሳየን" ነው መሰለኝ ያለችው።

ትርሲት፦ "ታሳየን"?

ይገረም፦ መሰለኝ አልኩ።

ትርሲት፦ "ትነሣልን" አላለችም?

ይገረም፦ ቃል በቃል ባትልም፣ መንፈሱ…

ትርሲት፦ መንፈሱን ይተዉት። "ኪሩቤል ይምጣልን" ያለስ አለ?

ይገረም፦ የአስተዳደር ውሳኔ እጅ በማውጣት አይደለም የሚወሰነው።

ትርሲት፦ የለም ማለት ነው።

ይገረም፦ ትርሲት፣ ነገሩን አታክርሪው። ማዕረጉም አለ፣ ደመወዙም አይነካም።

ትርሲት፦ እሺ።

ይገረም፦ እሺ ምን? ተስማማሽ?

ትርሲት፦ እሺ፣ ሰማሁ።

ይገረም፦ ወዴት ነው ታዲያ? አዲሱ ቢሮ በዚያ በኩል ነው። ትርሲት!

ትርሲት፦ ቤዛ ጋ። የእኔ እንደተዘጋ ይቆይ፣ ማስከፈትም አልፈልግም። እሷ ትጽፋለች፣ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አሳያታለሁ። ኪሩቤልንም ይላኩት፤ ጠጋ ጠጋ እንልለታለን።